ጓድ ዳልጮ የሚሰማውና የሚሰጠው ድምፅ

የአርባ ምንጭ ከተማ ቀበሌ 03 ተኩል የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 1981 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሲቀላ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት (ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ ማንጎው ሥር)
ሰዓት፦ ለ2፡30 ተጠርቶ 3፡20 ተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. ጓድ ካሱ፣ ሊቀመንበር
2. ጓድ አበጋዝ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ኃላፊ
3. ወይዘሮ ልክነሽ፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ
4. ጓድ ዳልጮ፣ የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተጠሪ
5. ጓድ ፈቃደ፣ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ያዥ

ያልተገኙ አባላት
6. ጓድ ዳና፣ ጫኖ ላለው ሙዛቸው የውሃ ተራ ስለደረሳቸው፣ በፈቃድ
7. ጓድ ደበሌ፣ ያለ ፈቃድ (ባለፈው ስብሰባ «ይህ ኮሚቴ ራሴን አዞረኝ፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብለው እንደወጡ አልተመለሱም)

በጥሪ የተገኙ
ሲስተር ሉሊት፣ በላይኛው ከተማ በሴቻ አዲስ የተከፈተው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ
ወይዘሮ ጌጤ፣ የጓድ ዳልጮ ባለቤት

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ የሚጠይቀው ከሰባት አባላት አምስቱን በመሆኑና አምስት ሰው በመገኘቱ ተሟልቷል። ሊቀመንበሩ ከአምስቱ አንድ ሰው ቢጎድል ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ እንደሚቀር አሳስበው፣ እስከ መጨረሻው ማንም ሽንት ቤት እንዳይሄድ በአደራ ጭምር ተናግረዋል።

አጀንዳ
1. የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጥገና
2. የጓድ ዳልጮ የሕክምና ደብዳቤ
3. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ጓድ አበጋዝ ባቀረቡት ሪፖርት፣ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከፋሲካ ወዲህ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰ፣ ሽቦውን የበጠሰው አንድ ዝንጀሮ መሆኑ እንደተደረሰበት፣ ከዝንጀሮው ጀርባ ማን እንዳለ ግን ገና በመጣራት ላይ እንደሆነ ገልጸዋል። ወይዘሮ ልክነሽ ዕድል ሳይሰጣቸው «ዝም ካለ ወዲህ እኮ እንቅልፍ አገኘን» ብለዋል። ሊቀመንበሩ አስተያየቱ ገንቢ እንዳልሆነ ጠቁመዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማጉያው እስኪጠገን ድረስ ጓድ አበጋዝ በአፋቸው እየጮኹ የቀበሌው ድምፅ ሆነው እንዲያገለግሉ ተወስኗል። ጓድ አበጋዝ ኃላፊነቱን የተቀበሉት ጮክ ብለው ነው።

አጀንዳ 2

ወይዘሮ ጌጤ ጉዳዩን እንዲያስረዱ ተጠይቀው፣ ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ወደዚህ ሳይወርዱ ትውልድ አገራቸው ዶርዜ ሳሉ ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማቸው እንደጀመረ፣ ሥራ አቁመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ እንደነበር፣ ከመጋቢት ወዲህ ግን ሲስተር ሉሊት በሚሰጧቸው ኪኒን ተሽሏቸው ወደ ሽመናቸው እንደተመለሱ ተናግረዋል። እስካሁን የዋጡት ሲስተሯ ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ኪኒን ነበር። እሱ አልቋል። ከእንግዲህ መድኃኒት ቤቱ በነፃ የሚሰጠው የቀበሌ ደብዳቤ ለያዘ ብቻ ነው። እቤት የቀሩት ኪኒኖች ሁለት ናቸው።

ሲስተር ሉሊት፣ መድኃኒት ቤቱ ዛሬ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እሳቸውም ሰኞ ለሁለት ሳምንት ሥራ ወደ ሳውላ እንደሚወርዱ፣ ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬ ረፋዱን ካልወጣ ጓድ ዳልጮ ሁለት ሳምንት ያለ መድኃኒት እንደሚከርሙ አስረድተዋል። ጓድ አበጋዝ ሁለት ሳምንት ምን አላት ሲሉ ጠይቀዋል። መልሱን የሰጡት ወይዘሮ ጌጤ ናቸው። «ሐምሌ ላይ አሥር ቀን ብቻ አቋረጠ። የሽመና ዕቃውን ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ኩልፎ ወንዝ ጨመረው። ጎረቤት ባይደርስ እሱም ሊከተለው እግሩን አስገብቶ ነበር።»

ወይዘሮ ልክነሽ አማትበዋል። ማማተብ በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ ሊቀመንበሩ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ አድርገዋል።

ሲስተር ሉሊት ያቀረቡት ቅጽ በንባብ ተሰማ፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ነዋሪ ________ ታማሚ መሆናቸውን ቀበሌው በኮሚቴ ውሳኔ ያረጋግጣል።» ክፍት ቦታው ላይ «የአእምሮ» ተብሎ ቢሞላ ነገሩ በሁለት ደቂቃ እንደሚያልቅ ሲስተሯ አክለዋል። በኮሚቴው ታሪክ በሁለት ደቂቃ ያለቀ ነገር እንደሌለ ሊቀመንበሩ በኩራት ገልጸዋል።

ሊቀመንበሩ ቀጥለው፣ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ የአእምሮ ታማሚ እንደሌለ፣ ቢኖርም እስካሁን እንዳልተመዘገበ ተናግረዋል። ጓድ አበጋዝ ይህን በመደገፍ፣ በአገሩ ደንብ አንድ ሰው አበደ የሚባለው ጨርቁን ሲጥል መሆኑን፣ ጓድ ዳልጮ ግን በዚህ የሲቀላ ሙቀት ጋቢ ደርበው የተቀመጡ መሆናቸውን ለኮሚቴው በጣታቸው አሳይተዋል። ጓድ ዳልጮ ዕድል ጠይቀው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «እኔ ጨርቅ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ጓድ አበጋዝ። ይኼ እርስዎ ትከሻ ላይ ያለውም የእኔ ሥራ ነው። እኔ ጨርቄን የጣልኩ ቀን ኮሚቴው በሙሉ ራቁቱን ይቀራል።» ጓድ አበጋዝ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገዋል።

ወይዘሮ ልክነሽ ጓድ ዳልጮ መጀመሪያ ጠበል እንዲገቡ ሐሳብ አቅርበዋል። ሲስተር ሉሊት «እማማ፣ ከፈለጉ ይጠመቁ፣ እኔ ምን ከለከልኩ? ኪኒኑን ብቻ አያቋርጡ» ሲሉ መልሰዋል። ወይዘሮ ልክነሽ «ልጄ፣ ጠበሉና ኪኒኑ ሆድ ውስጥ አይጣሉም?» ብለው ጠይቀዋል። ሲስተሯ እስካሁን በዚህ ጉዳይ ሲጣላ ያዩት ኮሚቴውን ብቻ እንደሆነ መልሰዋል። ወይዘሮ ጌጤ በበኩላቸው እነሱ በሃይማኖታቸው ጠበል እንደማይሄዱ፣ እንደሚጸልዩ ተናግረዋል። ጓድ አበጋዝ እስክሪብቶ አውጥተው የት እንደሚጸልዩ ጠይቀዋል። ወይዘሮ ጌጤ «ዓይኔን በጨፈንኩበት» ብለዋል። ጓድ አበጋዝ አድራሻው ስላልተሟላ እስክሪብቶውን መልሰዋል።

ሊቀመንበሩ፣ ሳይንሳዊ አመለካከት በሚመራው ኮሚቴ ፊት ስለ ጠበል መወራቱን አጥብቀው ነቅፈዋል። ወይዘሮ ልክነሽ «ያቺ ጀሪካን ታዲያ? አምና ወገብህን ሲይዝህ በጓሮ በር ያስገባሁልህ ምን ነበር፣ ነጭ ጋዝ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ይህ እንዳይጻፍ አዘዋል። ይህ እንዳይጻፍ ማዘዛቸው ተጽፏል።

ጓድ አበጋዝ ሁሉንም ወገን ያስታርቃል ያሉትን ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም ጓድ ዳልጮ እስኪሻላቸው ድረስ በገመድ ታስረው በቀበሌው መጋዘን እንዲቆዩ ነው። ጓድ ዳልጮ ተሽሏቸው የተቀመጡ መሆናቸውን አስታውሰዋቸዋል። ሲስተር ሉሊት «እግሩ የተሰበረን ሰው እጁን አስራችሁ ታክማላችሁ?» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል። ሐሳቡ ውድቅ የሆነው ግን ገመዱ የገመድ ጉተታ ውድድር ንብረት ስለሆነና ስፖርት ኮሚቴው በደብዳቤ ካልተጠየቀ ስለማይሰጥ ብቻ ነው። «ብቻ» የሚለው ቃል በሲስተር ሉሊት ጥያቄ የገባ ነው።

ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩ የሕመሙ ምልክት ምን እንደሆነ እንዲብራራላቸው ጠይቀዋል። ሲስተር ሉሊት ዋናው ምልክት ድምፅ መስማት እንደነበረ ገለጹ። ሊቀመንበሩ ይህማ ከድምፅ ማጉያው የመጣ ነው ብለው ጉዳዩን ሊዘጉ ሲሉ፣ ጸሐፊው ሐምሌ ላይ ሕመሙ ሲያገረሽ ማጉያው ከፋሲካ ወዲህ ዝም ያለ መሆኑ በአጀንዳ 1 እንደተያዘ አስታውሷል። ጸሐፊው ከመጻፍ ሌላ ሥራ እንደሌለው ተነግሮታል።

ሊቀመንበሩ፦ «ድምፅ መስማት በሽታ ከሆነ እኔም የሰፊውን ሕዝብ ድምፅ እሰማለሁ። አንድም ቀን ኪኒን አልዋጥኩም።»

ሲስተር ሉሊት፣ ለመረዳት ያህል በሚል፣ ይህ ድምፅ ለሊቀመንበሩ የሚሰማቸው ሰፊው ሕዝብ ሲናገር ነው ወይስ ዝም ሲል ብለው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ በተለይ ዝም ሲል እንደሚሰማቸው መልሰዋል። ሲስተር ሉሊት በማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጽፈዋል። ሊቀመንበሩ ምን እንደጻፉ ለማየት ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም።

ጓድ አበጋዝ በሙያቸው በኩል የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርበው መልስ አግኝተዋል።
ድምፆቹ ስንት ነበሩ? ሁለት።
ድጋፍ ናቸው ተቃውሞ? አንዱ «አትረባም» ይላል፣ ሌላው «ተነሥ፣ እየተከተሉህ ነው» ይላል።
የሚከተሉት እነማን ናቸው? ጓድ ዳልጮ፦ «ያኔ አገር ምድሩ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። ከዳንኩ በኋላ ስዞር እርስዎ ብቻ ነዎት።»
ጓድ አበጋዝ ይህም እንዳይጻፍ ጠይቀዋል። ከሊቀመንበሩ ጥያቄ ጋር በአንድነት ታይቷል።

በዚህ መካከል ሊቀመንበሩ ድንገት ሕመሙ በትክክል የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት ዓመት እንደሆነው ሲነገራቸው ፊታቸው ተለዋውጦ የአምስት ደቂቃ እረፍት ጠይቀዋል። ሰው ከወጣ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚጎድል ሁሉም እየተቀመጠ እንዲያርፍ ተደርጓል።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፣ ጓድ ካሱ ሊቀመንበር የሆኑት ጥር 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጓድ ደበሌን አራት ለሦስት አሸንፈው ሲሆን፣ አራተኛው ድምፅ የጓድ ዳልጮ ነበር።

ከእረፍቱ በኋላ ሊቀመንበሩ፣ ደብዳቤውን በመርህ ደረጃ እንደማይቃወሙ፣ ነገር ግን የሕመሙ መነሻ ከጥር 15 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆኖ እንዲያዝ ጠይቀዋል። ሲስተር ሉሊት በሽታ ቃለ ጉባኤ አይቶ እንደማይጀምር ተናግረዋል። አክለውም «ደግሞስ ታመመ ማለት ማሰብ አይችልም ማለት ነው ያላችሁ ማነው? ወባ ይዞት የመረጠ ሰው ድምፁ ይሰረዛል እንዴ?» ብለዋል። ወይዘሮ ልክነሽ በዚህ ከተማ ወባ የያዘው ሁሉ ድምፁ ከተሰረዘ የሚቀረን ዝንጀሮው ብቻ ነው ብለዋል። ዝንጀሮው በምርመራ ላይ ስለሆነ ስሙ እንዳይነሣ ጓድ አበጋዝ አሳስበዋል።

ጊዜው 4፡55 መድረሱን ወይዘሮ ጌጤ ሁለት ጊዜ አስታውሰዋል። ሆኖም ቅጹ ላይ የሚሞላው ቃል ገና አልተወሰነም ነበር። የቀረቡት አማራጮች፦ በጓድ አበጋዝ «እብድ»፣ በወይዘሮ ልክነሽ «ትንሽ ነካ ያደረገው»፣ በሊቀመንበሩ «ጊዜያዊ የአመለካከት ችግር ያለበት»። ወይዘሮ ጌጤ «እባካችሁ፣ ይኼን ወረቀት የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮት ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ሴቻ በሙሉ ተሰልፎ ይሰማል። ሴት ልጅ አለችኝ» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጓድ ዳልጮ ወደ ባለቤታቸው ዞረው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ትርጉሙ ሲጠየቅ «ያንብበው፤ የእኔ ጆሮ ከሚያነበው በላይ ሰምቷል አልኳት» ብለዋል። ከዚያም ለኮሚቴው፦ «‘የአእምሮ’ ብላችሁ ጻፉት። የበሽታው ስም ይኼ ነው። ሌላ ስም ካወጣችሁለት ሌላ መድኃኒት ይሰጡኛል።»

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለት ውሳኔዎች ተላልፈዋል።

ሀ) ሕመሙ ከጥር 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲጀምር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጓድ ዳልጮ እጃቸውን ሲያወጡ «ቀኑ ለእናንተ፣ ኪኒኑ ለእኔ» ብለዋል።

ለ) ጓድ ዳልጮ የአእምሮ ታማሚ መሆናቸው በደብዳቤ እንዲረጋገጥ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወስኗል። ድጋፍ፦ ወይዘሮ ልክነሽ፣ ጓድ ፈቃደና ጓድ ዳልጮ። ተቃውሞ፦ ጓድ አበጋዝና፣ በመርህ ደረጃ የማይቃወሙት ሊቀመንበር።

ማኅተሙ ከሊቀመንበሩ ደረት ኪስ በክር ተስቦ ወጥቶ፣ ሁለት ጊዜ ተተንፍሶበት፣ በ5፡22 ደብዳቤው ላይ አርፏል። ቀለሙ ሳይደርቅ ወይዘሮ ጌጤ ከጠረጴዛው አንሥተውታል። ጓድ ዳልጮ፣ ወይዘሮ ጌጤና ሲስተር ሉሊት እየሮጡ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ በሚሄድበት «ውይይት» በሚባለው ታክሲ ወደ ሴቻ ወጥተዋል። በዕለቱ ወደፊት የተራመደው ውይይት እሱ ብቻ ነበር።

አጀንዳ 3

በልዩ ልዩ ሥር የሚነሣ ነገር እንዳለ ሲጠየቅ፣ ጓድ አበጋዝ ሲያሰላስሉት የቆዩት አንድ ነጥብ እንዳለ ተናግረው ተነሡ። ነጥቡ ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ስለጠየቁ እንደሚከተለው ተይዟል፦ «ጓድ ዳልጮ ታማሚ ከሆነ ድምፁ አይቆጠርም። ድምፁ ካልተቆጠረ ሁለት ለሁለት ነን። ሁለት ለሁለት ከሆንን ሊቀመንበሩ ያሉበት ወገን ያሸንፋል፣ ስለዚህ ታማሚ አይደለም። ታማሚ ካልሆነ ደግሞ ድምፁ ይቆጠራል። ድምፁ ከተቆጠረ ሦስት ለሁለት ነው። ሦስት ለሁለት ከሆነ… ታማሚ ነው።» ጓድ አበጋዝ ነጥቡን ሁለት ጊዜ ከዞሩት በኋላ ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ውሃ ተሰጥቷቸዋል። ወይዘሮ ልክነሽ «ያቺ ልጅ ከኪኒኑ ትንሽ ጥላልን አልሄደችም?» ብለው ጠይቀዋል።

ጸሐፊው፣ ሲስተር ሉሊት የታመመ ሰው ድምፅ አይሰረዝም ብለው እንደነበር ከፍ ብሎ ካለው ገጽ አንብቧል። ሊቀመንበሩ ሲስተሯ የኮሚቴው አባል ስላልሆኑ ነገሩ ትክክል ቢሆንም እንደማይሠራ ገልጸዋል።

ሊቀመንበሩ የጓድ አበጋዝ ነጥብ ከባድ መሆኑን በመገንዘብ፣ በተለይም ጓድ ደበሌ ይህን ደብዳቤ ካዩ የጥር 15ቱን ምርጫ መልሰው ሊያነሡ እንደሚችሉ በማስገንዘብ፣ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ቢሻር ለሁሉም እንደሚበጅ አሳስበዋል። በዚህም መሠረት የቀበሌው ዘበኛ አቶ ኦይታ ደብዳቤውን ከሴቻ እንዲያስመልሱ በ5፡40 በእግር ተልከዋል። የታክሲ ገንዘብ በደብዳቤ ካልተጠየቀ አይሰጥም።

አቶ ኦይታ እስኪመለሱ ድረስ የሚከተለው ተወስኗል፦

1. የዛሬው ስብሰባ እንዳልተካሄደ ይቆጠር።
2. በአጀንዳ 1 የተወሰነው ይሻር። (ጓድ አበጋዝ ውሳኔው በመሻሩ ማዘናቸውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናግረዋል።)
3. በአጀንዳ 2 የተወሰነው ይሻር፣ ሕመሙም በፈለገው ቀን ይጀምር።
4. ደብዳቤው ተመልሶ ይቀደድ።

ከተራ ቁጥር 1 እስከ 4 ያለው ከተጻፈ በኋላ ወይዘሮ ልክነሽ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከአራተኛው ጣት በላይ አልሄደላቸውም። ጓድ ዳልጮ ከሄዱ ጀምሮ በቤቱ ያለው ሰው አራት መሆኑ፣ አራት ሰው ደግሞ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንጂ ኮሚቴ አለመሆኑ ተደረሰበት። ደብዳቤው በአምስት ሰው የተሰጠ ስለሆነ ሊሻር የሚችለው በአምስት ሰው ነው። ጓድ ዳና ጫኖ ናቸው። ጓድ ደበሌ እንዲጠሩ ሐሳብ ሲቀርብ ሊቀመንበሩ ያለ አንዳች ውይይት ተቃውመውታል።

በ6፡50 አቶ ኦይታ ላብ በላብ ሆነው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ባደረጉት ገለጻ፣ ሲደርሱ ደብዳቤው ካርድ ክፍል መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንደነበር፣ ጓድ ዳልጮ የሁለት ወር ኪኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ሲቀበሉ በዓይናቸው እንዳዩ፣ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ስማቸውን በመስኮት ጮክ ብሎ ሲጠራ ወይዘሮ ጌጤ ከባለቤታቸው ቀድመው «አቤት!» እንዳሉ፣ ሻይም እንደጋበዟቸው ተናግረዋል። ጓድ ዳልጮ ኮሚቴው ደብዳቤውን ሊሽር እንደሆነ ሲነገራቸው፣ ያለ እሳቸው አምስት ሰው እንደማይሞላ ቆጥረው የሚከተለውን መልእክት ልከዋል፦

«ለጓዶች ሰላምታዬ ይድረስ። በተጠራሁ ጊዜ እመጣለሁ፣ አልቀርም። የምሰማው ድምፅ ጠፍቶልኛል፤ የቀረኝ የምሰጠው ብቻ ነው። እሱንም ለተቃውሞ አስቀምጬዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስነብበውታል።

በመጨረሻም፣

5. ከተራ ቁጥር 1 እስከ 4 የተወሰነው በአራት ሰው የተወሰነ ስለሆነ አልተወሰነም፤ ይህ ተራ ቁጥር 5ም እንደዚሁ።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 7፡05 ላይ ተበትኗል።

ፊርማ፦
ካሱ (ቀኑን ሳይጽፉ ፈርመዋል)
አበጋዝ (ራሳቸው ስለሚዞር በጣት አሻራ)
ልክነሽ
ፈቃደ
የአምስተኛው አባል ቦታ ክፍት ተትቷል፤ ባለቤቱ ሴቻ ሻይ እየጠጡ ነው።